አስቤዛና ምሳ በአንድ ጣሪያ ሥር፦ የሬዲንግ ተርሚናል ገበያ ጉዳይ

## ቅዳሜ ስድስት ሰዓት

ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ዓሣ ልገዛ ብሎ ሬዲንግ ተርሚናል መግባት ስህተት ነው። እኔ ይህን ስህተት ደጋግሜ ሠርቻለሁ። የምኖረው ምዕራብ ፊላዴልፊያ ነው። ዘንቢሌን ይዤ በባቡር ገበያው ወዳለበት መሃል ከተማ እወርዳለሁ። የገበያውን በር ገፋ ሳደርግ የጥብሱ ሽታና የሰው ጫጫታ አንድ ላይ ይቀበሉኛል። የሳንድዊቹ ሰልፍ ጥግ ታጥፎ መተላለፊያውን ዘግቷል። «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያልኩ በጎን እሾልካለሁ። ከዘንቢሌ ጋር ደግሞ እኔ ራሴ ለሌላው እንቅፋት ነኝ።

ዓሣ ቤቱ ጋ ስደርስ ወረፋ የለም። አንድ ቀን ከፊቴ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንገታቸው ላይ የስብሰባ ባጅ ተንጠልጥሏል። በረዶ ላይ የተጋደመውን ትልቅ ዓሣ በስልካቸው ፎቶ አነሡና ሄዱ። ሻጩ ቢላውን እንደያዘ በዓይኑ ሸኛቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንተስ ትገዛለህ?» አለኝ። ሳቅን። እሱ ግን ከልቡ የሳቀ አልመሰለኝም።

ይህን ጉዳይ ለመጻፍ ያነሳሳኝ የዚያ ሰው ጥያቄ ነው። በየከተማው «ፉድ ሆል» የሚባሉ አዳራሾች እየተከፈቱ ነው። አብዛኞቹ ለመብላት የተሠሩ ናቸው። ባንኮኒ፣ ረጅም የጋራ ጠረጴዛ፣ ከየአገሩ የመጣ ምግብ። ሬዲንግ ተርሚናል ግን ጥሬ ሥጋውንም፣ ሽንኩርቱንም፣ የተዘጋጀውን ምሳም አንድ ጣሪያ ሥር ይዞ ከ130 ዓመት በላይ ቆይቷል። እንዴት ቻለ? ያልቻለበትስ የት ነው? ሰዎችን በስም አልጠራም። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## ከባቡሩ ሥር

ፊላዴልፊያ ውስጥ «የገበያ ጎዳና» የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ገበያው መንገዱ ላይ ነበር። በመጠለያ ሥር ሥጋም አትክልትም ይሸጥበታል። ከተማው ሲያድግ መጠለያዎቹ ቆሻሻና አደገኛ ናቸው ተባሉ፤ በ1859 ፈረሱ። ነጋዴዎቹ ወደ አዳራሽ ገቡ።

ከ30 ዓመት በኋላ ሬዲንግ የተባለው የባቡር ኩባንያ ለአዲሱ ጣቢያ የመረጠው ቦታ እነዚህ ነጋዴዎች ያሉበትን ነበር። ነጋዴዎቹ አንነሣም አሉ። ክርክሩ በሽምግልና በሚመስል መንገድ አለቀ፤ ባቡሩ ከላይ፣ ገበያው ከሥር። ሐዲዱ ፎቅ ላይ ሆነ፣ ተሳፋሪው ደረጃውን ሲወርድ ገበያ ውስጥ ነው። ጣቢያው በ1893 ተከፈተ።

አዳራሹ ወደ 7,200 ካሬ ሜትር ነው። ሲከፈት 800 የሚጠጉ መደቦች ነበሩት። እያንዳንዱ ስፋቱ ሁለት ሜትር አይሞላም። ከምድር ቤቱ 52 ክፍሎች ያሉት ማቀዝቀዣ ተሠራ። ሥጋና ፍራፍሬ ብቻ አልነበረም የሚቀመጥበት፤ ሆስፒታሎች መድኃኒታቸውን፣ ቢራ ጠማቂዎች እንደ ጌሾ የሚጠቀሙበትን የሆፕ አበባ ያስቀምጡበት ነበር።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን የቅርጫቱ ነገር ነው። ከከተማ ውጭ የምትኖር የቤት እመቤት የምትፈልገውን ታዝዛለች። ነጋዴው ሥጋውን፣ ቅቤውን፣ አትክልቱን በቅርጫት ያደርግላትና ባቡር ላይ ይጭነዋል። ቅርጫቱ በሰፈሯ ጣቢያ ወርዶ ይጠብቃታል። ለማድረሻ አትከፍልም። ዛሬ በሞተር ሳይክል የሚመጣልን አስቤዛ አዲስ ነገር መስሎን ነበር።

## ሲወድቅ

ውድቀቱን ረጅም አላደርገውም፤ የብዙ የአሜሪካ ከተሞች ታሪክ ነው። ሰዉ መኪና ገዛ፣ ወደ ከተማ ዳር ወጣ፣ ሱፐርማርኬት ተከተለው። የባቡር ኩባንያው በ1971 ከሰረ። ማቀዝቀዣው ተዘጋ፣ ጣሪያው ያፈስ ጀመር፣ ብዙ መደብ ባዶውን ቀረ። በኖቬምበር 1984 የመጨረሻው ባቡር ከጣቢያው ወጣ። የከተማው ባቡሮች በአዲስ የምድር ውስጥ ሐዲድ ይሄዱ ጀመር። ገበያው በየቀኑ ከፎቅ ይወርድለት የነበረውን ገዢ አጣ።

በ1993 ደግሞ የፔንስልቬንያ የስብሰባ ማዕከል እዚያው ጎን ተከፈተ። የድሮው የባቡር ማቆሚያ ግዙፍ አዳራሽ የማዕከሉ አካል ሆነ። ከፎቅ ይወርድ የነበረው ቅርጫት የያዘ ገዢ ቀርቶ ባጅ ያንጠለጠለ እንግዳ መጣ።

## ችግሩ

እንግዳው ሆቴል ነው ያረፈው። ወጥ ቤት የለውም። ነገ አውሮፕላን ይሳፈራል። ሁለት ኪሎ ዓሣ ምን ያደርግለታል? የሚፈልገው ምሳ ነው፤ ምሳውንም በደንብ ይከፍላል።

አሁን አከራዩ ጫማ ውስጥ እንግባ። አንድ መደብ ባዶ ሆነ። ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ ቲማቲምና ሰላጣ ይሸጣል። ሌሊት ተነሥቶ ይጭናል፣ ያልተሸጠው ይበሰብስበታል፣ ትርፉ ሳንቲም ነው። ሌላው ሳንድዊች ይሸጣል። እዚያችው ጠባብ ቦታ ላይ የሚያገኘው ገቢ ከቲማቲሙ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ሳንድዊቹ የበለጠ ኪራይ መክፈል ይችላል። ማንም አከራይ ብር ቢቆጥር ለሳንድዊቹ ይሰጣል። በሚቀጥለው ዓመትም ሌላ መደብ ሲለቀቅ እንዲሁ። ማንም «ገበያውን እናጥፋ» አይልም። ግን አንድ ቀን ዞር ብለህ ስታይ ሽንኩርት የሚሸጥ የለም።

ይህ በሌላ ቦታ ደርሷል። የማድሪዱ ሳን ሚጌል በ1916 የተከፈተ የሰፈር ገበያ ነበር። በ2009 ታድሶ ሲከፈት የመክሰስና የወይን አዳራሽ ሆነ። የሚያምር ቦታ ነው፤ የአካባቢው ሰው ግን ለእራቱ ድንች የሚገዛው ሌላ ቦታ ነው። ባርሴሎና ውስጥ ላ ቦኬሪያ ገበያ ጎብኚ ከመብዛቱ የተነሳ ከተማው በ2015 ከ15 ሰው በላይ የሆኑ ቡድኖች ዓርብና ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት እንዳይገቡ ከለከለ። አያቶች ዓሣቸውን መግዛት አቅቷቸው ነበር።

ለእኛ አበሻዎች ይህ ጭንቀት ትንሽ እንግዳ ሊመስለን ይችላል። የአዲስ አበባ ሥጋ ቤት ውስጥ መግዛትና መብላት መቼ ተለያዩ? ሥጋው ተሰቅሏል። ከዚህ ቁረጥልኝ ትላለህ። ግማሽ ኪሎውን ጥብስ አስደርገህ እዚያው ትበላለህ፣ አንድ ኪሎውን አስጠቅልለህ ለቤት ይዘህ ትሄዳለህ። አንድ ቢላ፣ አንድ ሚዛን፣ ሁለት ደንበኛ። ሬዲንግ ተርሚናል ውስጥ ግን ሥጋ ሻጩ አንድ ነጋዴ፣ ሳንድዊች ሻጩ ሌላ ነጋዴ ነው። የአንዱ ሲሳይ ወደ ሌላው አይሄድም። ጣጣው ከዚያ ይጀምራል።

## ምን ተደረገ

የመጀመሪያው እርምጃ የተወሰደው ገና ባቡሩ ሳይቆም ነው። በ1980 ገደማ ገበያውን ከወደቀበት ለማንሣት ሲታሰብ ከከተማው ውጭ ካለው ከላንካስተር ገጠር አሚሾች ተጋበዙ። አሚሾች በመኪናና በመብራት የማይኖሩ፣ በእርሻቸው የታወቁ ክርስቲያኖች ናቸው። ዶሮ፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ዳቦ ይዘው መጡ። ከጎኑ ደግሞ ቁርስና ምሳ ይሸጣሉ። እዚያ ስትሄዱ ነጭ ቆብ ያደረገች ልጅ ሊጥ ስታድቦለቡል ታያላችሁ። ሊጡን እንደ ገመድ ትስበዋለች፣ በአንድ እጅ ሽቅብ ትጠመዝዘዋለች፣ ከምድጃ ሲወጣ የቀለጠ ቅቤ ውስጥ ትነክረዋለች። ቱሪስቱ እዚያ ቆሞ ይበላል፤ የሰፈሩ ሰው ከጎኗ ካለው ባንኮኒ እንቁላሉን ይገዛል።

ሁለተኛው፣ ባለቤትነቱ ተለወጠ። የስብሰባ ማዕከሉ ሲታሰብ ነጋዴውና የከተማው ሰው ገበያው ይጠፋብናል ብሎ ጮኸ። ጩኸቱ ሠራ። የማዕከሉ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት በ1990 ገበያውን ገዛው፣ 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ታደሰ። እድሳቱ ሲካሄድ ገበያው አልተዘጋም። ከዚያ አስተዳደሩ ትርፍ ለማይፈልግ ድርጅት ተሰጠ። ይህ ድርጅት ዓላማው ላይ በግልጽ የጻፈው ነገር አለ፤ ቦታው የከተማ የገበሬ ገበያ ሆኖ እንዲቆይ፣ ትኩስ አትክልት፣ ሥጋ፣ ዓሣና ዳቦ እንዲገኝበት፣ የገጠር አምራችና የከተማ በላተኛ እንዲገናኙበት።

ሦስተኛው የኪራይ ነገር ነው፤ እኔ እንደማየው የሁሉም ቁልፍ ይህ ነው። ጥሬ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ በስፋቱ ልክ የሚከፍለው ኪራይ የተዘጋጀ ምግብ ከሚሸጠው ያነሰ ነው። በሌላ አነጋገር ሳንድዊቹ ለሽንኩርቱ ይከፍላል። ይህን ትርፍ የሚፈልግ አከራይ አያደርገውም። ከላይ ያለው የባለቤትነት ለውጥ ባይኖር ይህም አይኖርም ነበር።

አራተኛው፣ ሰንሰለት ድርጅቶች አይገቡም። በየመንገዱ የምታዩት የበርገር ስም እዚያ የለም። ባዶ መደብ ሲኖርም «ማን ብዙ ይከፍላል» ብቻ ሳይሆን «ምን ጎድሎናል» ተብሎ ይታያል።

ትናንሽ ነገሮችም አሉ። ዕቃ የገዛ ሰው መኪና ማቆሚያው ላይ ቅናሽ ያገኛል። መንግሥት ለድሆች የምግብ መግዣ የሚሰጠውን ፉድ ስታምፕ ይቀበላሉ፤ ገበያው በፔንስልቬንያ ብዙ ፉድ ስታምፕ ከሚመነዘርባቸው ቦታዎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። መሃል ላይ ፊልበርት የሚባል የነሐስ አሳማ አለ፤ ሳንቲም ትከትበታለህ፣ ለበጎ አድራጎት ይሄዳል። ልጆች ይጋልቡታል። ከአስቤዛው ጋር ምን አገናኘው ብትሉ፣ እናቶች ልጅ ይዘው እንዲመጡ ያደርጋል እላለሁ።

## የተሳካው

ከሁሉ በላይ የተሳካው ገበያው እስካሁን ገበያ መሆኑ ነው። ከ70 በላይ ነጋዴዎች አሉ። ከኮሮና ወረርሽኝ በፊት በዓመት ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገባበት ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለ አይስክሬም ቤት፣ በ1861 የተመሠረተው ባሴትስ፣ አሁንም በዚያው የእብነ በረድ ባንኮኒ ላይ ይሸጣል።

ፉድ ስታምፑን ሳስብ ሌላ ነገር ይታየኛል። ብዙ አዳዲስ ፉድ ሆሎች ገቢው ከፍ ላለ ሰው የተሠሩ ናቸው፤ ድሀ መግባት ባይከለከልም የሚገዛው የለም። እዚህ ግን አንድ ባንኮኒ ላይ ጠበቃው ውድ አይብ ሲያስመዝን፣ ከጎኑ አሮጊቷ የዶሮ አንገትና የአሳማ እግር ታስቆርጣለች። ይህን የሚያመጣው ጥሬ ዕቃው ነው። አንድ ሳንድዊች ለሁሉም ዋጋው አንድ ነው። ሥጋ ቤት ግን ለእያንዳንዱ ኪስ የሚሆን ብልት አለው።

ሥጋ ሻጩም ደንበኛውን ያውቃል። ለክትፎ የሚሆን ስፈልግ መጀመሪያ ሰሞን ብዙ ማስረዳት ነበረብኝ። ቀይ፣ ጅማት የሌለው፣ ነጩ ተጠርጎ የወጣ። አሁን ገና ሲያየኝ «ያው ነው?» ይለኛል። ነጩን አንድ በአንድ እየላጠ ሲያወጣ ቆሜ አያለሁ። ሱፐርማርኬት በፕላስቲክ ያሸገው ሥጋ ይህን አያደርግልኝም።

## ያልተሳካው

ኪራይ መቀነስ ገዢ አያመጣም። ነጋዴውን ያቆየዋል እንጂ ቅዳሜ ዕለት በሰልፉ መሃል ለዘንቢል የሚሆን መንገድ አይከፍትለትም። አስቤዛ ገዢው ከምሳ ሰዓት መሸሽን ተምሯል። እኔም ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ገና ሲከፈት እሄዳለሁ። እንዲህ ማድረግ የማይችል ሠራተኛ ግን ብዙ ነው፤ እሱ ሱፐርማርኬት ይገባል።

ጥሬ ዕቃ ሻጮቹም ራሳቸው ተለውጠዋል። ሥጋ ቤቱ ጎን የሳንድዊች ምድጃ፣ ዓሣ ቤቱ ጎን የተጠበሰ ዓሣ በሰሐን። እኔ ይህን አልቃወምም፤ እንዲያውም ወደ ሥጋ ቤታችን አሠራር መቅረብ ነው። ግን ድንበሩ ይደበዝዛል። ማን ነው ጥሬ ዕቃ ሻጭ፣ ማን ነው ምግብ ቤት? ባንኮኒው ግማሽ ሲሆን መለየቱ ቀላል አይደለም።

ክርክርም አልጠፋም። በ2007 ከአንድ የታወቀ ሳንድዊች ሻጭ ጋር የኪራይ ውል እድሳት ላይ የተነሣው ጠብ ፍርድ ቤት ደርሷል፣ ነጋዴውም በመጨረሻ ለቀቀ። ማን ትክክል ነበር የሚለውን ወደ ጎን ልተወው። የሚታየው ነገር ግን አለ፤ ኪራይ በምን መስፈርት እንደሚወሰን ነጋዴው ካልተረዳ፣ ዓላማው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን «ለእሱ ለምን፣ ለእኔ ለምን አይደለም» ይመጣል።

## 2020

ከዚያ ወረርሽኙ መጣ። ስብሰባዎቹ ቆሙ። ቢሮዎቹ ባዶ ሆኑ። ቱሪስት ጠፋ። ባለ ባጁ ሰው ባንድ ቀን ከአዳራሹ ወጣ ማለት ይቻላል።

በዚያ ሰሞን ስሄድ መተላለፊያው ጭር ብሎ የራሴን ኮቴ እሰማ ነበር። ጠረጴዛዎቹ ተነሥተዋል። ብዙ ምግብ ቤቶች ሸራ ጥለዋል። ክፍት የነበሩት እነማን ናቸው? ሥጋ ቤቱ፣ ዓሣ ቤቱ፣ አትክልት ሻጩ። ሰው ቤቱ እየዋለ ምግብ ያበስል ነበርና አስቤዛ ያስፈልገዋል። ሰዎች በኢንተርኔት እያዘዙ በር ላይ በመኪና መጥተው መውሰድ ጀመሩ። ቅርጫቱ ከመቶ ዓመት በኋላ ተመለሰ።

ግን ታሪኩን አላሳምረው። አዳራሹን ጥሬ ዕቃው ብቻውን አላኖረውም። ኪራዩን ከፍ አድርጎ የሚከፍለው ምሳ ሻጩ ነበር፣ እሱ ሲቆም የገበያው ገቢም ቀዘቀዘ። አስተዳደሩ ከሕዝብ መዋጮ እስከ መሰብሰብ ደርሷል። ሽንኩርቱ በሩን ከፍቶ አቆየ፤ የመብራቱን ሂሳብ ግን ሳንድዊቹ ነበር የሚከፍለው።

## ወደ ሌላ ቦታ የሚወሰደው

የሚወሰደውን እንደ መድኃኒት ማዘዣ መደርደር አልፈልግም፤ ገበያ ከገበያ ይለያያል። ሦስት ነገር ግን የትም ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

አንደኛ፣ ዓላማው ውል ውስጥ መግባት አለበት። «ትኩስ ዕቃ እንዲኖር እንፈልጋለን» ሁሉም ይላል። የሚለየው ኪራዩ በዚያ መሠረት ሲከፋፈል ነው። ልዩነቱንም ነጋዴዎቹ ሁሉ ቀድመው ማወቅ አለባቸው።

ሁለተኛ፣ ጊዜና መንገድ። ምሳ በላተኛውና አስቤዛ ገዢው በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መተላለፊያ ከተጋፉ የሚሸነፈው ዘንቢል የያዘው ነው። እኔ ብጠየቅ ሥጋና ዓሣውን ከሳንድዊቹ ሰልፍ አርቄ፣ ለብቻው በር ያለው ጎን አደርገው ነበር። ሬዲንግ ተርሚናል ታሪካዊ ቤት ስለሆነ እንዲህ መገለባበጥ ይከብዳል። አዲስ የሚሠራ ግን ምን ያግደዋል?

ሦስተኛው የገጠመኝ በሌላ መልክ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ የአበሻ ሱቆችን የምታውቁ ታውቃላችሁ። በሩ አጠገብ እንጀራ ተደራርቧል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ መደርደሪያ ላይ ነው። ከኋላ ሦስት አራት ጠረጴዛ፣ ማኪያቶ፣ ፉል፣ አንዳንዱ ጋ ሥጋ። ሬዲንግ ተርሚናል ባንድ ክፍል ውስጥ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ሱቅ ያለው ወዳጄ አንድ ቀን ደወለልኝ። ጠረጴዛ ሲጨምር ገቢው ጨመረ። መደርደሪያዎቹን አንሥቶ ሁሉንም ምግብ ቤት ሊያደርገው አስቧል። ምን ትላለህ አለኝ።

እኔም ጠየቅሁት። ለምሳ የሚመጣው ሰው መጀመሪያ እንዴት አወቀህ? ትንሽ ዝም አለና «እንጀራ ሊገዛ መጥቶ» አለ። በሳምንት ስንቴ ይመጣል? ለእንጀራ ሁለት ሦስቴ፣ ለምሳ በወር አንዴ። እንጀራውን ሌላ ቦታ መግዛት ከጀመረስ? መልስ አልሰጠኝም። ጥያቄው ግን የገባው ይመስለኛል።

ባለፈው ሄጄ አየሁት። የግራውን መደርደሪያ አንሥቶ አራት ጠረጴዛ አስገብቷል። የቀኙ እንዳለ ነው። እንጀራው ከበሩ አጠገብ አልተነሣም። ስገባ አንዲት ሴት አምስት እሽግ ታቅፋ ሂሳብ እየከፈለች፣ በዓይኗ ሰው የሚበላውን ፉል ታይ ነበር።